አንዱ ጥርስ ሌላውን ይገፋል፦ ከሌጎ የሚንቀሳቀስ ቅርጽ አሠራር



የዛሬው የእጅ ሥራ ትምህርታችን እንደ ወትሮው ስለ ክርና ኪሮሽ አይደለም። ማታ ማታ ከምንጣፍ ላይ ስለምንለቅመው፣ በባዶ እግር ስንረግጠው ስለሚያስጮኸን የልጆች መጫወቻ ነው፤ ስለ ሌጎ። ከዚያ ካርቶን ውስጥ ዙሪያቸውን ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች አይታችሁ ይሆናል። መካኒክ ጊር የሚለው እነሱን ነው። ዛሬ እነዚህን ገጣጥመን፣ መዘውሩን ስናዞር ቡና የምትወቅጥ ሴት እንሠራለን።

«ደክሞን ነው የምንገናኘው፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?» የምትል እህት አትጠፋም። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ግን ከመካከላችን አገሯ ስትገባ ወፍጮ ቤት ልክፈት፣ የልብስ ስፌት መኪና ልግዛ የምትል ብዙ ናት። መኪናው አንድ ቀን ቀጥ ሲል መካኒኩ መጥቶ «ጊሩ ተበልቷል፣ ሙሉው ይለወጥ» ቢላትስ? ጊር ምን እንደሚሠራ ካላወቀች በሰው አገር ላቧን ያፈሰሰችበትን ብር ቆጥራ ከመስጠት ሌላ ምን ምርጫ አላት? የምታውቅ ግን «እስቲ ክፈተው፣ ጥርሱን አሳየኝ» ትላለች። ትምህርቱ ለዚህ ነው።

፩. ነገሩ ከየት መጣ?

ሌጎ የዴንማርክ አገር ሥራ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ ቢሉንድ በምትባል ከተማ በ1932 እ.ኤ.አ. ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ዛሬ የምናውቀው እርስ በርሱ ጥብቅ ብሎ የሚያያዘው የፕላስቲክ ጡብ ፓተንት የተጠየቀበት በ1958 ነው። ዘንግ፣ ጊርና ቀዳዳ ያላቸው ረጃጅም ጡቦች ያሉበት፣ ኋላ ቴክኒክ የተባለው ዓይነት ደግሞ በ1977 ወጣ።

የሚንቀሳቀስ ቅርጽ መሥራትም ትልልቅ ሰዎች የደከሙበት ጥበብ ነው። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር መጀመሪያ የተማረው መሐንዲስነት ነበር፤ ኋላ ነፋስ ሲነካቸው የሚወዛወዙ ቅርጾችን ሠርቶ ስሙ ገነነ። የእሱም ሥራ እዚሁ ጅዳ፣ ኮርኒሽ ላይ ካሉት ቅርጾች መሀል አለ። ሆላንዳዊው ቴዎ ያንሰን ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ከፕላስቲክ ቱቦ ትልልቅ «እንስሳት» እየሠራ በባሕር ዳር ያስኬዳቸዋል፤ ሞተር የላቸውም፣ የሚገፋቸው ነፋስ ነው።

ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካው ግን የአል ጀዘሪ ነው። በዛሬዋ ቱርክ ዲያርባኪር በምትባለው ከተማ ለአርቱቅ ነገሥታት ይሠራ የነበረ ብልህ ሰው ነው። በ1206 እ.ኤ.አ. የጨረሰው መጽሐፉ የብዙ ማሽኖችን አሠራር በሥዕል ያሳያል። ከነዚያ አንዱ የእጅ ማስታጠቢያ ነው። ውኃው ከጣዎስ ቅርጽ ይወርዳል። የታጠቡበት ውኃ ከታች ሲጠራቀም ተንሳፋፊውን ከፍ ያደርገዋል፤ ተንሳፋፊው ሲነሳ በር ይከፈትና የአገልጋይ ቅርጽ ሳሙና ይዞ ብቅ ይላል። ውኃው ሲጨምር ሁለተኛው አገልጋይ ፎጣ ይዞ ይወጣል። እንግዳ ማስታጠብ ማለት ምን እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን! እሱ ግን የአገልጋይን ሥራ በደንብ አይቶ ወደ ማሽን ለወጠው። አስማት የለበትም፤ አንዱ ነገር ሌላውን ገፋ፣ ያም ሌላውን።

፪. ሦስት ሕጎች

ሀ. የተነካኩ ሁለት ጊሮች ወደ ተቃራኒ ይዞራሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ከሄደ ሌላው ወደ ግራ ነው። በመካከል ሦስተኛ ብታስገቡ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ የመካከለኛው ትልቅ ሆነ ትንሽ ፍጥነታቸውን አይለውጥም።

ለ. ፍጥነቱን ለማወቅ ጥርስ ቁጠሩ። በሌጎ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ባለ 8፣ ባለ 16፣ ባለ 24 እና ባለ 40 ጥርስ ነው። ባለ 8ቱ ባለ 24ቱን ቢያዞር፣ 24 ለ8 ሲካፈል 3 ነው፤ ስለዚህ ትንሹ 3 ጊዜ ሲዞር ትልቁ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የግድግዳ ሰዓትም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳል። ረጅሙ ዘንግ 12 ጊዜ ሲዞር አጭሩ 1 ጊዜ ይዞራል፤ በተለመደው ሰዓት ውስጥ ይሄ የሚመጣው አንዴ በ3፣ አንዴ በ4 በመቀነስ ነው። መካ ላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ፊቱ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ የሁለቱ ዘንጎቹ ሂሳብ ግን ከኩሽናችን ሰዓት አይለይም።

ሐ. ፍጥነት ሲቀንስ ጉልበት ይጨምራል። ትንሹ ትልቁን ሲያዞር ትልቁ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ብርቱ ነው። ትልቁ ትንሹን ሲያዞር ደግሞ ፈጣን ይሆናል፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚሰጥ ጊር የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ለጊርም ይሠራል!

፫. ቡና ወቃጯን እንሥራ

1. ሁለት ባለ ቀዳዳ ረጃጅም ጡቦችን ፊት ለፊት አቁሙ፤ ከታች በሌሎች ጡቦች አያይዟቸው። ቀዳዳዎቹ ትክክል ፊት ለፊት ካልሆኑ ዘንጉ ይጣመማል፣ አይዞርም።

2. አንዱን ዘንግ በሁለቱም ጡብ አሳልፉ። ከውጪ መዘውር፣ ከውስጥ ባለ 8 ጥርሱን ጊር አድርጉበት።

3. ሁለተኛውን ዘንግ አንድ ቀዳዳ ዘላችሁ በቀጣዩ አስገቡና ባለ 24ቱን አድርጉበት። 8 እና 24 የሚገናኙት በሁለት ቀዳዳ ርቀት ነው። 8 እና 40 በሦስት፣ 24 እና 24ም በሦስት ነው። 8 እና 16 ግን ርቀታቸው አንድ ተኩል ስለሚሆን በአንድ መስመር ላይ አይገጥሙም፤ በግድ አታስገቧቸው።

4. በሁለተኛው ዘንግ ጫፍ፣ ከውጪ በኩል፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ትንሽ ክንድ ስኩ። ዘንጉ ሲዞር የክንዱ ጫፍ ክብ ይሠራል፤ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 8 ወደ ታች ይሄዳል። በአጠቃላይ 16 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

5. ከክንዱ ጫፍ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም ባለ ቀዳዳ ጡብ አያይዙ። እዚህ ላይ ልል የሆነችውን ግራጫ ማያያዣ ተጠቀሙ፤ ጥቁሯ ጠበቅ ስለምትል እንቅስቃሴውን ትይዘዋለች።

6. ከላይ ሴትዮዋን ሥሩ። የእጇን ጡብ ትከሻዋ ላይ እንደ ሚዛን አንጠልጥሉት፤ ከትከሻ ወደ ኋላ 3 ቀዳዳ፣ ወደ ፊት 6 ቀዳዳ ይኑረው። ከታች የመጣውን ጡብ ከኋለኛው ጫፍ ጋር አያይዙ፤ በፊተኛው ጫፍ ዘነዘናውን አንጠልጥሉ፣ ከሥሩ ሙቀጫ አስቀምጡ። ኋላው ሲነሳ ፊቱ ይወርዳል። የፊቱ ክንድ እጥፍ ስለሆነ 16 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 32 ያድጋል።

መዘውሩን 3 ጊዜ ስታዞሩ አንድ ጊዜ ትወቅጣለች። ካልሄደች አትጎትቷት፤ ዘንጉን የያዘችውን ቀለበት ከግድግዳው የወረቀት ያህል ፈቀቅ አድርጉ። አብዛኛው ችግር ከዚያ ነው።

፬. ሌጎ ለሌላት

ደመወዛችሁን ሌጎ ላይ አታውሉ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ዙሪያው ጥርስ ነው፤ ቁጠሩት፣ 21 ነው። ሁለት ቆርኪ መሀላቸውን በስታችሁ ጥርሳቸው እንዲነካካ ጣውላ ላይ በምስማር ላላ አድርጋችሁ ምቷቸው፤ አንዱን ስታዞሩ ሌላው በተቃራኒ ይዞራል። ፍጥነት ለመለወጥ ደግሞ የካርቶን አንድ ፊቱን ልጣችሁ ሽንትሩ እንዲታይ አድርጉና ትንሽና ትልቅ ክዳን ላይ በሙጫ ጠቅልሉት። ሽንትሩ ጥርስ ይሆናል። አገር ቤት ላለ ልጃችሁም ይህንኑ በስልክ ንገሩት፤ ቆርኪ የሌለበት ሰፈር የለም። ሲሠራ እያሰበ የሚጠይቃችሁ ነገር ያገኛል፣ እናንተም የምትመልሱት።

፭. ጥንቃቄ

ትንንሾቹን ቁርጥራጮች ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አጠገብ አትተዉ፤ ያንቃሉ። የቤቱን ሌጎ ስትነኩ ማዳምን አስፈቅዱ፣ ከልጆቹም ጋር ሥሩ፤ አንሶላ ዘርግታችሁ ብትሠሩ ምንም አይጠፋም፣ «የት አደረስሽው» የሚልም አይመጣም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለ 8 ጥርሱ ባለ 40ውን ቢያዞር መዘውሩ ስንት ጊዜ ዞሮ ነው ቡናዋ አንዴ የምትወቀጠው?
2. ሦስት ጊሮች ሁሉም እርስ በርስ በሦስት ማዕዘን ቢነካኩ ይዞራሉ? ለምን? (ሕግ ሀን አስቡ።)
3. ጅዳ አደባባይ ላይ የቆመውን ግዙፍ ብስክሌት ብዙዎቻችን ከመኪና ውስጥ አይተነዋል። እውነተኛ ብስክሌት ቢሆንና የፊቱ 48፣ የኋላው 16 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው ስንት ይዞራል? ዳገት ላይ ይህ ይከብዳል ወይስ ይቀላል?
4. በምትሠሩበት ቤት ጊር ያለባቸውን ሦስት ዕቃዎች ፈልጉ።

መልሱን አርብ ስንገናኝ እንነጋገርበታለን። ቆርኪ የያዘች ይዛ ትምጣ። ደኅና ሁኑልን።