ከፍቺ በኋላ የልጆች ቀለብ፤ የሰበካ ጉባኤና የካህናት ድርሻ

በዋግ ኽምራ አጥቢያዎች ባልና ሚስት ሲጣሉ አስቀድሞ የሚጠራው የንስሐ አባት ነው፤ ቀጥሎም ሽማግሌ ይቀመጣል። ይህ መልካም ሥርዓት ብዙ ትዳር አትርፏል። ዕርቁ ሳይሳካ ቀርቶ ሁለቱ ሲለያዩ ግን ሽማግሌዎች ከብቱን፣ እህሉንና የቤቱን ዕቃ ቆጥረው ያካፍሉና የልጆቹን ነገር «አባት ነውና አይጨክንም» ብለው በቃል ትተውት ይነሣሉ። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በቃል የቀረውን ይህን ጉዳይ ነው።

በሰቆጣ ዙሪያ ካሉ አጥቢያዎች በአንዱ ያየነውን እናንሣ። የሦስት ልጆች እናትና አባት በሽማግሌ ፊት ተለያዩ። አባትየው በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ሁለት ኩንታል ማሽላ ሊሰጥ፣ የልጆቹንም የደብተርና የልብስ ወጪ ሊሸፍን መስቀል ስሞ ቃል ገባ። እኛም በቦታው ነበርንና ነገሩ በሰላም አለቀ ብለን ደስ ብሎን ተመለስን። በመጀመሪያው ዓመት ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ወረደ፤ ማሽላውም ቀረ። እናትየዋ ወደ ሽማግሌዎቹ ስትመለስ አንደኛው ዐርፈዋል፤ ሌላው ደግሞ የኩንታሉን ብዛት ዘንግተውታል። የጽሑፍ ስምምነት አልነበረም። ከሁሉ የከፋው የሁለቱ ልጆች ጥምቀት በአጥቢያው መዝገብ አለመጻፉ ነበር። ታላቂቱ ልጅ በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ በሰው ቤት ተቀጠረች። ጥፋቱ የአባትየው ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ወረቀትና ብዕር ሳንይዝ የተቀመጥን ሁሉ ድርሻ አለን።

ይህን ስናነሣ «ካህን ሰውን ወደ ፍርድ ቤት ይልካልን?» የሚሉ አባቶች ያጋጥሙናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 6 ወንድም ወንድሙን ስለ መክሰሱ የገሠጸውንም ይጠቅሳሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በችኮላ ልናልፈው አይገባም። በእኛ ማስተዋል ግን በዚያ የተገሠጹት የራሳቸውን ጥቅም መተው የሚችሉ ዐዋቂዎች ናቸው። የስድስት ዓመት ሕፃን ግን እራቱን ይቅር ሊል አይችልም። እናትም «ለነፍሴ ብዬ ትቼለታለሁ» ስትል ብዙ ጊዜ እናመሰግናታለን፤ የተወችው ግን የራሷን ሳይሆን የልጆቿን ነው። ያው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 8 ላይ ለቤተሰቡ የማያስብን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚወቅስ ካህናት አባቶች ያውቁታል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችም በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በክልላችን የቤተሰብ ጉዳይ የሚዳኘው በአዋጅ ቁጥር 79/1995 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ቀለብ ሲባል እህል ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ በሕጉ ግን መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም ቀለብ ናቸው። መጠኑ የሚወሰነው የልጁን ፍላጎትና የሰጪውን ዐቅም በማመዛዘን ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ውሳኔውም እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ይህ ድርቅ ለሚደጋገምበት አገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ አዝመራው የከሸፈበት አባት ቅነሳ ይጠይቅ እንጂ አይጥፋ። ይህንን ለአባቶቹ ብናስረዳ ከሚሸሹት ብዙዎቹ ባልሸሹ ነበር ብለን እናምናለን።

ሽማግሌ ያስማማል፤ ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተደረሰው ስምምነት በጽሑፍ ይስፈር፦ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለቡ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚሰጥ፣ ሌላው ወላጅ መቼ እንደሚጠይቃቸው። ሁለቱም ይፈርሙ፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። ከዚያም ለወረዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ የልጆቹን ጥቅም የማይጎዳ ሆኖ ሲገኝ ይጸድቃል። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ የቃል ተስፋ ግን ከተናጋሪው ጋር ቆላ ይወርዳል።

ስምምነት ከሌለ እናትየዋ ለወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ታቀርባለች። የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ልጆቹ እንዳይራቡ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲቆረጥላቸው መጠየቅም ትችላለች። የዳኝነት ክፍያ የማትችል በደሃ ደንብ እንድትከስ ታመልክት፤ ለዚህም የቀበሌው ማስረጃ ያግዛታል። አቤቱታ የሚጽፍላት ስታጣ የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ትጠይቅ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ከሰቆጣ ግን ሩቅ ናቸው። ኽምጥኛ እንጂ አማርኛ የማትናገር እናት በችሎት አስተርጓሚ እንዲቆምላት ከመጀመሪያው ቀን ትጠይቅ፤ ስታፍር ሳትናገር የምትመለስ አይተናል። ዘግይቶ የተጠየቀ ውዝፍ ቀለብም ሊቀር ስለሚችል «ይመለስ ይሆናል» እየተባለ ዓመት አይለፍ።

ተፈርዶ የማይከፍል ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ለመሥሪያ ቤቱ ያዛል። ገበሬ ከሆነ አፈጻጸሙ ይከብዳል፤ በንብረቱ ላይ ይሄዳልና ንብረቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 በአቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የታሰረ አባት ማሽላ አያመርትምና ይህ መንገድ የመጨረሻው ይሁን።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ግን አባትነቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት ምዝገባ በቀበሌ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የልደት ምስክር ወረቀት ቀዳሚው ማስረጃ ሆኗል። ይህ በሌለበት ሰውየው ልጁን እንደ ልጁ አድርጎ ማሳደጉን የሚያውቁ ሰዎች ይመሰክራሉ፤ የጥምቀት መዝገብም ይረዳል። ካህን በዐይኑ ያየውን፣ ልጁን ማን አቅፎ ለክርስትና እንዳመጣውም ጭምር፣ ቢመሰክር ነውር የለበትም። በንስሐ የሰማው ግን ለማንም፣ ለዳኛም ቢሆን፣ አይወጣም፤ ይህን ድንበር የሰበካ ጉባኤ አባላትም ካህኑን ባለመጠየቅ ይጠብቁለት።

ከላይ ያነሣናት እናት የክርስትና አባቶቹንና ጎረቤቶቿን አቅርባ ቀለብ ተወስኖላታል፤ ታላቂቱ ልጅም አንድ ዓመት ከባከነባት በኋላ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም በቀጣዩ ዐቢይ ጾም ቤት ለቤት ዞሮ ያልተመዘገቡትን ልጆች በእናት፣ በአባትና በክርስትና አባት ወይም እናት ስም እየጻፈ መዝገቡን አሟልቷል። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ያስወጣውም የአንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ዋጋ ነው።