የጋዜጣ ወሬና የሐኪም ጥናት

ጋዜጣ ስለ ጤና የሚጽፈው ነገር ከሐኪም ምክር ቀድሞ ወደ ብዙ ቤት ይገባል። ስለዚህ አንባቢ ከርእሱ አልፎ ሊመረምር የሚገባውን ነገር በአንድ ምሳሌ እናስረዳለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1998 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የዶክተር አንድሩ ዌክፊልድንና የባልደረቦቹን ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ 12 ልጆች ብቻ ነበር። የ8ቱ ወላጆች በልጆቻቸው ጠባይ ላይ ለውጥ የታየው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከተሰጠ በኋላ ነው ብለው ነበር። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በክትባቱና በሕመሙ መካከል ግንኙነት መኖሩን እንዳላረጋገጡ በዚያው ጽሑፍ አስፍረዋል። በጋዜጦች ትልልቅ ርእሶች ላይ ግን ይህ ቃል ቦታ አላገኘም፤ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ፍርሃት ብቻ ተሰማ።

ክትባቱ የሚሰጠው ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ የኦቲዝም ምልክትም ለወላጅ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው በዚያው ዕድሜ ገደማ ነው። እንግዲህ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱ ምን ያስደንቃል? ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ፀሐይን የሚያወጣት ግን ዶሮ አይደለም። እውነቱን ለማወቅ የተከተቡትን ካልተከተቡት ጋር በብዛት ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ ይህንም በውጭ አገር የሕክምና ተማሪ ገና በመጀመሪያው ያስተምሩታል። በዴንማርክ እንዲሁ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ከ537,000 የሚበልጡ ልጆችን መርምሮ፣ ኦቲዝም ከተከተቡት ይልቅ ባልተከተቡት ላይ የሚያንስ ሆኖ አላገኘውም።

ብዙ ጋዜጦች ግን «አንዱ ሐኪም አደገኛ ነው ይላል፤ ሌላው አይደለም ይላል» እያሉ ሁለቱን ወገን እኩል አስቀመጡ። ሁለቱን ወገን መስማት ለዳኛ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ዳኛም ቢሆን የማስረጃው ክብደት ሳይነገረው አይፈርድም።

ጋዜጠኛን ሁሉ መንቀፍ ግን አይገባም። በ2004 ዓ.ም. የዌክፊልድን ሥራ መርምሮ ነውሩን ማጋለጥ የጀመረው የሰንደይ ታይምስ ጋዜጠኛ ብራያን ዲር ነው። እርሱ ልጆቹ እንዴት እንደ ተመረጡ፣ ገንዘቡንም ማን እንደ ከፈለ ጠየቀ። በ2010 ዓ.ም. ላንሴት ጽሑፉን ሻረው፤ በዚያው ዓመት የዌክፊልድ ስም ከእንግሊዝ ሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ።

በወሬው ዘመን ሳይከተቡ የቀሩት ሕፃናት ግን በዚያን ጊዜ አድገው ነበር። በ1997 ዓ.ም. አንድ የአገሩ ጋዜጣ በክትባቱ ላይ ተከታታይ ጽሑፍ ባወጣበት በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማና በአካባቢዋ፣ ከ2012 እስከ 2013 ዓ.ም. ኩፍኝ ተነሣ። ከ1,200 የሚበልጡ ሰዎች መታመማቸው ተነገረ፤ አንድ የ25 ዓመት ሰውም ሞተ።