በሰሊጥ ወቅት የሚቀሩ ተማሪዎች፤ ማስጠንቀቂያው ለማን ይጻፍ?

እንደሚታወቀው በአገራችን ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ደግሞ ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በኋላ በጥቂት ቀናት ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ጉልበት ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች ካልበቁ የቀን ዋጋ ይወደዳል፣ የተማሪ ልጅም ዓይን ውስጥ ይገባል። የክፍል መዝገብ ላይ «ቀሪ» የሚበዛው ታዲያ ያኔ ነው።

ትምህርት ቤቶች መቅረትን የሚከላከሉት በለመድነው መንገድ ነው። በመጀመሪያ ተማሪው ይመከራል፣ ቀጥሎ ለወላጅ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከዚያ ወመህ ወይም ቀበሌ ይጠራል፤ በውስጠ ደንብ የገንዘብ ቅጣት የሚጥሉም አሉ። በመጨረሻ ተማሪው ይሰናበታል። የቀረን ልጅ «ከእንግዲህ እንዳትመጣ» ብሎ መቅጣት ግን ለእኔ ግራ ነው። ገንዘቡም ቢሆን ከጥቂት ቀን የአጨዳ ገቢ ካነሰ ወላጅ ከፍሎ ይገላገላል እንጂ ልጁን ከማሳ አያወጣም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን ነፃ አደረገ እንጂ ግዴታ አላደረገውም። እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ግዴታ ወደ ማድረግ የሄደው የ2015ቱ ፖሊሲ ነው። ስለዚህ ለወላጅ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ ለረጅም ዓመታት ከኋላው ጠንካራ ሕግ አልነበረውም። በአሠሪው በኩል ግን ሕግ ነበረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛና ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሎ ነበር፤ በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። 18 ያልሞላው ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ ደብዳቤው ለእርሻው ባለቤትም ይጻፍ፤ ግልባጩም የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳ ጽ/ቤት ይድረስ። ደግሞም ብቻውን ለሥራ የወረደ ልጅ ወላጁ ደጋ ነው ያለው፤ ደብዳቤው ማንን ያገኛል? ጊዜውም ነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ላይ ቢሆን ይሻላል። ኅዳር ላይ ቢጻፍ እኮ ሰሊጡ ተወቅቶ አልቋል።

ለአባቱ ማሳ የሚያጭደውን ልጅ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይደርስበትም። እዚህ ላይ ቤተሰቡን መደገፍ ግድ ነው። አነስተኛ ገበሬ ልጁን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ለሳሉግ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ በእጁ ስለሌለ ነው፤ ያለው አማራጭ ከነጋዴ በአራጣ መበደር ነው። በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው አብቁተ ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአጨዳ የሚሆን አጭር ብድር ከልጁ ክፍል መገኘት ጋር አያይዘው ቢሰጡ ጥሩ ይመስለኛል። ብራዚል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በጀመረችው ቦልሳ ፋሚሊያ ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከትምህርት ቀኑ 85 በመቶ እንዲገኙ ጠይቃ ለቤተሰቡ ገንዘብ ትሰጥ ነበር። ልጁ ሲቀር መጀመሪያ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ክፍያው የሚታገደው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሌንደሩ ይቀየር የሚሉም አሉ። ትምህርቱ ከአጨዳ በኋላ ቢጀመር ግን መጨረሻው ሐምሌ ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አረም ነው፣ መንገዱም ጭቃ።

ሁሉም መቅረት አንድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ልጅ «ቀሪ» ልንለው አንችልም። የአጨዳው ወራት ደግሞ የወባም ወራት ናቸው። ወባ የያዘው፣ ለአባቱ የሚያጭደውና ተቀጥሮ የሄደው ልጅ ሦስቱም መዝገቡ ላይ በአንድ ቃል ከተጻፉ ማን ሐኪም፣ ማን ብድር፣ ማን ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው አይታወቅም። «ምክንያት» የሚል አንድ ዓምድ መጨመር ለክፍል ኃላፊው መምህር የደቂቃዎች ሥራ ነው።