መኪናን በብሩሽና በሮለር ስለ መቀባት

ክፍል ውስጥ የተማርነው መኪና በኮምፕረሰር ሲቀባ ነው። ከላላ ያለው የአጎቴ አሮጌ ፒካፕ ግን ላሜራው ዝጎ ሊበሳ ደርሷል፤ ኮምፕረሰር በአጠገቡ የለም። ስለዚህ በጥር ዕረፍቴ «እኔ በብሩሽ እቀባዋለሁ» አልኩ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ፋብሪካዎች መኪናን በብሩሽ ይቀቡ ነበር፤ አንዱን ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል። ቶሎ የሚደርቀው ዱኮ የተባለው ቀለም በ1923 ከወጣ በኋላ ነው መርጫው የተስፋፋው።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አወረድን፣ በቲነር ጠረግን፣ ፀረ ዝገት ቀባን፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላን። እስከዚህ ደህና ነው።

ስህተቴ ከዚህ በኋላ መጣ። ለብረት በር የሚሸጠውን ሲንተቲክ ቀለም አወፍሬ፣ ያውም አመሻሽ ላይ ቀባሁት። ሌሊት ጤዛ ወረደበት። ጠዋት ሳየው አንጸባራቂነቱ ጠፍቷል፤ በሩ ላይም ቀለሙ እንደ እንባ ወርዷል። አጎቴ ዞረው አዩትና «አንተ ልጅ፣ የተማርከው ይኸንን ነው?» አሉኝ።

ይህ ቀለም ቲነሩ ከተነነ በኋላ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ከወፈረ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ሳምንት ጠብቄ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አሸሁት። ከዚያ ቀለሙን አቅጥኜ፣ ጤዛው ከደረቀ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ በስፖንጅ ሮለር ቀባሁ፤ በየመሐሉ አንድ ቀን እየጠበቅሁ አራት እጅ። ቀለሙ ሊብሬው ላይ ያለው ያው ሰማያዊ ነው፤ መቀየሩ የራሱ ጣጣ አለው።

ቀረብ ብሎ ላየው አሁንም የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። አጎቴ ግን በሳምንቱ ገብስ ጭነውበት መካነ ሰላም ወረዱ።