ጊደሯ ኮርማ ያልፈለገችው ለምንድን ነው?

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ሁለት ሆነን ሰባተኛ ክፍል ገባንና «ጊደር ዕድሜዋ ሲደርስ ኮርማ ትፈልጋለች» ብለን ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «የኛ ጊደር አራት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ምንም የለም። አባቴ መሲና ናት ብሎ ለሥጋ ሊሸጣት ነው። ዕድሜዋ አልደረሰም ማለት ነው?» አለን። እርስ በርስ ተያየን። «ነገ እንነግርሃለን» ብለን ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍን። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ከጀመርነው ንባብ የተገኘ ነው፤ የጎደለ ካለ መምህራኖቻችን ያርሙን።

ሰው ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን እንደሚደርስ ሁሉ ከብትም ለአቅመ ርቢ ይደርሳል። ትእዛዙ የሚነሣው ግን ከማሕፀን አካባቢ ሳይሆን ከራስ ቅል ውስጥ ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን በትንሽ በትንሹ፣ ፋታ እየሰጠ ጠብ ያደርጋል። ሆርሞኑ እዚያው አጠገብ ወዳለው ፒቱይታሪ ዕጢ ሲደርስ፣ ዕጢው በተራው ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃል። እነዚህም እንቁላል ማፍሪያው ዘንድ ደርሰው እንቁላል የያዘውን ከረጢት ያሳድጋሉ፤ ከረጢቱ ደግሞ ኤስትሮጅን ያመነጫል። ጊደሯን የሚያቅበጠብጣትና ሌላ ከብት ላይ የሚያስወጣት ይኸው ኤስትሮጅን ነው። በወይፈንም መንገዱ ያው ነው፤ መጨረሻው ላይ ቴስቶስትሮን ይተካል እንጂ። የጂኤንአርኤችን ቅንብር እ.ኤ.አ. በ1971 ያወቁት የሻሊና የጊለማን ቡድኖች ናቸው፤ አንደኛው ከአሳማ፣ ሌላው ከበግ አንጎል። ሁለቱ ሰዎች በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እኛን በጣም ያስገረመን ግን ሌላ ነው። የጥቂት ወራት ጥጃ እንኳ ሆርሞኑን በመርፌ ብትወጋ እንቁላል ማፍሪያዋ ይሠራል! ዕቃው ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው። ታዲያ ምን ያዘው? የያዘው ያው ኤስትሮጅን ነው። በጥጃዋ ደም ውስጥ ያለችው ጥቂት ኤስትሮጅን ወደ አንጎል ተመልሳ «ቆይ፣ ገና ነው» ትላለች፤ አንጎሉም ይሰማትና ጠብታውን ያሳንሳል። ጊደሯ ስትጎለምስ አንጎሉ ለዚህ ቃል ያለው ስሜት እየደከመ ይሄዳል። ኮርማ ከመፈለጓ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ገደማ የኤልኤች ልቀት እየተደጋገመ ይመጣል፤ በመጨረሻም እንቁላሉ ይወጣል።

አንጎሉ ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል? ከተማሪው ጥያቄ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። አንጎል ዓመት አይቆጥርም፤ ሰውነቱ ያጠራቀመውን ይጠይቃል። የስብ ሕዋሳት ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ፤ የታወቀውም በ1994 ነው። ስቡ ሲበዛ ሌፕቲኑ ይጨምራል፤ መልእክቱም ኪስፔፕቲን በሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት በኩል ሃይፖታላመስ ዘንድ ይደርሳል። ሌፕቲን ፈቃድ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ እሱ ከሌለ ግን ሌላው አይንቀሳቀስም። የፈረንጅ የወተት ጊደሮች በደንብ ከተቀለቡ ከሙሉ ክብደታቸው 40–50 ከመቶ ሲደርሱ፣ ማለት በአንድ ዓመታቸው ገደማ፣ ኮርማ ይፈልጋሉ። የኛ ዜቡ ወደ 60 ከመቶ መጠጋት አለባት። እናቷ 250 ኪሎ ብትሆን፣ ጊደሯ 150 ኪሎ መድረስ ይኖርባታል። በጭድና በገለባ ብቻ፣ በየበጋው የጨመረችውን እየጣለች፣ 150 ኪሎ መቼ ትደርሳለች? በአገራችን ብዙ ጊደሮች የመጀመሪያ ጥጃቸውን የሚወልዱት ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ለዚህ ነው።

(በአውሮፓ ለበግ የቀኑ ርዝመትም ይቆጠራል፤ ቀን ሲያጥር ነው ጠቦቷ የምትነቃው። እኛ ጋ ቀንና ሌሊት ብዙም ስለማይለያዩ ዋናው ግጦሹ ነው።)

በማግስቱ ከተማሪው ጋር ቤታቸው ሄድን። አባትዮው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አባባ፣ ጊደሯ መንታ ነበረች እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር፣ በእናቷ ማሕፀን ሳለች የወንዱ ሆርሞን በጋራ ደም ስለሚደርሳት አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ መካን ትሆናለች፤ እሷን መሸጥ ነው። «ኧረ ብቻዋን ነው የተወለደች» አሉን። ጊደሯን አየናት፤ የጎኗ አጥንት ይቆጠራል። የመጀመሪያው እንቁላል ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት እንደሚወጣ፣ ምልክቱ ሲታይም ግማሽ ቀን ያህል ብቻ እንደሚቆይ፣ ሌሊት ከሆነ ማንም እንደማያይ፣ በየ21 ቀኑ ግን እንደሚመለስ ነገርናቸው። ፋጉሎና አተላ ከጭዱ ጋር እንዲጨምሩላትም ተነጋገርን። «ፋጉሎው ውድ ነው እኮ ልጆቼ» አሉን፤ እውነታቸውን ነው። አተላው ግን ቤት ውስጥ አለ።

ሚዛን ስለሌለ ተማሪው የደረቷን ዙሪያ በገመድ ለክቶ ቋጠሮ አደረገበት፤ በወሩ ደግሞ ሌላ። ልምምዳችን ሲያልቅ ሁለተኛው ቋጠሮ የመጀመሪያውን በሁለት ጣት አልፎት ነበር። ጊደሯ ገና ኮርማ አልጠየቀችም፤ አልተሸጠችምም።