በፍላሹ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በውስጡ ያለው ቦታ

በአሜሪካ የሚኖር ሰው ወረቀት ይበዛበታል። የኢሚግሬሽን ማመልከቻው፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃው፣ የግብር ቅጹ፣ ሱቅ ላለው ደግሞ የደረሰኙ ክምር አለ። ይህንን ሁሉ ስካን አድርጎ ጣት በምታክል ፍላሽ መያዝ ተለምዷል። ይሁን እንጂ በፍላሹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህን አለማወቅ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰነድም ያሳጣልና፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

መለኪያዎቹ

የኮምፒውተር ትንሿ መለኪያ ቢት ትባላለች። 8 ቢት 1 ባይት ነው። 1,000 ባይት 1 ኪሎባይት፣ 1,000 ኪሎባይት 1 ሜጋባይት፣ 1,000 ሜጋባይት 1 ጊጋባይት፣ 1,000 ጊጋባይት ደግሞ 1 ቴራባይት ይሆናል። ድሮ የምናውቀው ትንሹ ፍሎፒ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነበር። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ ፍሎፒው አንዱን እንኳ አይችለውም፤ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ግን ከ20,000 በላይ ይይዛል።

ይህን ማወቅ ለማመልከቻም ይጠቅማል። በ2024 በወጣው የዲቪ 2026 መመሪያ የአመልካቹ ፎቶግራፍ ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። 3 ሜጋባይት ማለት 3,000 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ከላይ የጠቀስነው ፎቶግራፍ መጠኑ ሳይቀነስ ቢላክ ከተፈቀደው 12 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

«64 ገዝቼ 59 አገኘሁ»

ይህ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አቤቱታ ነው። ምክንያቱ የቆጠራ ልዩነት ነው። የፍላሽ አምራቾች በ1,000 ሲቆጥሩ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል። ስለዚህ ባለ 32 ጊጋባይቱ 29.8፣ ባለ 64ቱ 59.6፣ ባለ 128ቱ 119፣ ባለ 1 ቴራባይቱ 931 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ይታያል። የአፕል ኮምፒውተሮች ከ2009 ወዲህ እንደ አምራቾቹ በ1,000 ስለሚቆጥሩ ልዩነቱ አይታይባቸውም። 7 ከመቶ ያህል ቢጎድል እንግዲህ ማንም አላታለለዎትም።

ባንኮኒና መጋዘን

ሻጭ «ኮምፒውተሩ 8 ጊጋ ሚሞሪና 256 ጊጋ ማከማቻ አለው» ቢልዎ ሁለቱን አያምታቱ። ራም የሚባለው ሚሞሪ እንደ ሱቅ ባንኮኒ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ዕቃ ብቻ ይዘረጋበታል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ባዶ ይሆናል። ማከማቻው መጋዘኑ ነው። ፍላሽም ተጨማሪ መጋዘን እንጂ ባንኮኒ ስላልሆነ፣ ራም ያነሰው ኮምፒውተር ፍላሽ ስለተገዛለት አይፈጥንም።

ዋናው አደጋ

ከዚህ የከፋው ሐሰተኛው ፍላሽ ነው። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ «2 ቴራባይት ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ የተሠራ አለ። ሰነድ ሲገለብጡበት ይቀበላል፣ የፋይሉንም ስም ያሳያል፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የገባው ግን አይከፈትም፤ አንዳንዴ ቀድሞ የነበረውንም ያጠፋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሰነዱ በተፈለገ ዕለት ነው። በጥቂት ዶላር ብዙ ቴራባይት እሸጣለሁ የሚልዎትን አይመኑ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ ይሆናል።

አዲስ ፍላሽ ሲገዙ ሰነድ ከማስገባትዎ በፊት ይፈትኑት። ሌላ ቦታ ቅጂ ባላቸው ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች እስኪሞላ ይገልብጡበት፣ ነቅለው እንደገና ይሰኩት፣ ከዚያም ከመጀመሪያዎቹም ከመጨረሻዎቹም ከፍተው ይዩ። ሥራውን የሚያቃልሉ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍስሪ ይባላሉ።

ቦታ እያለ እምቢ ካለ

የሰርግ ቪዲዮ ሲገለብጡ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ቢልዎ ፍላሹ አልተበላሸም። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው እንደገና ፎርማት ቢደረግ ይቀበላል። ፎርማት ማድረግ ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚደመስስ፣ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያሸጋግሩ።

አያያዙ

የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ገቢና ወጪ የሚያስረዱ ሰነዶች በአብዛኛው ለ3 ዓመት፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው የቅጥር ግብር ሰነዶች ደግሞ ቢያንስ ለ4 ዓመት እንዲቀመጡ ይጠይቃል። ፍላሽ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ሳይሰካ ለብዙ ዓመታት ቢቀመጥም የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዕቃ መሸከሚያ እንጂ ብቸኛ ካዝና አያድርጉት። አንድ ቅጂ በኮምፒውተርዎ፣ አንድ በፍላሽ፣ አንድ ደግሞ ከቤትዎ ውጭ ይኑርዎት። ፓስፖርትና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበትን ፍላሽ በይለፍ ቃል ይቆልፉት። ዋናውን ወረቀት ደግሞ ስካን አድርጌዋለሁ ብለው አይጣሉት፤ ዋናውን አምጡ የሚል መሥሪያ ቤት አይጠፋምና።

እንግዲህ ዛሬ ማታ በቤትዎ ያለውን ፍላሽ ሰክተው የተጻፈበትንና ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቁጥር ያስተያዩ። ከዚያም ሰነዶችዎን አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ። ቸር ይግጠመን።