የቤት እድሳትና የሥራ ቅደም ተከተል

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ራዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ስለ ቤተሰብ ጤና ያስተማረ ቢሆንም፣ ዘዴው ለቤት አሳዳሽም የሚበጅ ነው፤ ባለታሪኮቹ ዛሬ የወሰኑት ነገር ፍሬው ወይም ጉዳቱ በሚቀጥሉት ክፍሎች ይገለጥ ነበርና።

በደብረ ታቦር የጭቃ ቤቱን የሚያሳድስ ነጋዴም ሥራውን እንደዚሁ በየክፍሉ ያስብ። ክረምት ሳይገባ አስቀድሞ የሚጠገነው ጣሪያው ነው፤ ቆርቆሮው እያፈሰሰ ግድግዳ መምረግ ገንዘብን ለዝናብ መገበር ይሆናል። አሮጌው ምርጊት ሲነሣ እግሩ የበሰበሰ ቋሚ መገኘቱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ለዚህ የሚውል ገንዘብ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ። ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ጥቂት ቀናት ይሰንብት፤ ሁለተኛው ምርጊት የሚደረበው የመጀመሪያው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው በዚህ ላይ ነው። ለሠራተኛውም ዋጋው ሥራው በደረሰበት መጠን ይከፈለው እንጂ ሙሉው በቅድሚያ አይሰጠው።